አንቀጽ ዘጠኝ፣ በሕይወት ላሉት

ኅዳር 3

ይህን ደብተር የገዛሁት የእድራችንን ረቂቅ ሐሳቦች ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ግን ለሌላ ነገር ዋለ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ባሌ ጉዲና ሽሮ ሜዳ፣ ሰናይት ሱቅ ውስጥ ወደቀ። ሰናይት ጎረቤታችን ናት፤ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። በኮንትራት ታክሲ ይዛው መጣች። «እትዬ ጌጤ፣ ጋቢ እየመረጠ፣ እየቀለደብኝ ሳለ ነው ጥፍት ያለው። ወደቀ አልልም፤ ጠፋ ነው የምለው። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እሱ ግን የለም» አለችኝ። ተቆጣኋት። ስለ ታመመ ሰው እንዲህ አይነገርም።

ጉዲና ራሱ ይስቃል። «ዋጋ ስትጠራ ነው የደነገጥኩት» ይላል።

ኅዳር 6

ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው የአንድ ሙሉ ቀን የልብ ምቱን መዘገቡለት። ሐኪሟ ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችኝ። ተራራ ተራራ እያለ የሚሄደው መስመር አንድ ቦታ ላይ ሜዳ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ይነሣል። «እዚህ ላይ አራት ሰከንድ ቆሟል። እዚህ ደግሞ አምስት። ልባቸው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ መምታቱን ይረሳዋል» አለች። ከቆዳ ሥር የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ ያስፈልገዋል፤ ሰዉ የልብ ባትሪ የሚለው ነው። ከጥር በፊት መግባት አለበት። ካልገባ አንዱ ርሳታ ሊረዝም ይችላል።

ጳውሎስ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ፊት ለፊት ታክሲ ስንጠብቅ ጠየቅሁት።

«በእነዚያ አምስት ሰከንዶች የት ነበርክ?»

«የትም። አንቺ ስታወሪ ይሰማኝ ነበር።»

የተመዘገበው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ እኔ ተኝቼ ነበር።

ኅዳር 7

የወረዳው የጤና መድን ካርዳችን አልጋውን፣ ምርመራውንና የቀዶ ሕክምናውን አገልግሎት ይሸፍናል። ባትሪውን አይሸፍንም። የመድን ክፍሉ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው። «ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ እናቴ። ከውጭ ይገዛል።» ዋጋው የሁለታችን የጡረታ አበል የአሥራ ስድስት ወር ነው። ቤታችን የቀበሌ ነው፤ ልጅ አልወለድንም።

ለጡረተኛ ይጀመራል ስለተባለው መድን ጠየቅሁት። «ሲጀመር ይነገራል» አለኝ። በምክር ቤት አባልነቴ ዘመን እኔም ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዚሁ ትሕትና፣ ለስንት ሰው ተናግሬዋለሁ።

ኅዳር 10

ተጨማሪ ሽፋን ፍለጋ ወደ አንድ የግል መድን ድርጅት ሄድኩ። ኢፍቱ የምትባል ሠራተኛ ውኃ አስመጥታልኝ ሁሉንም ነገር በትዕግሥት አስረዳችኝ፦ መሠረታዊው ምን እንደሚይዝ፣ ተጨማሪው ምን እንደሚሞላ፣ ከተፈረመ በኋላ ስንት ወር እንደሚጠበቅ። እኔም ማስታወሻ ያዝኩ። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ ላደክምዎት አልፈልግም። ስልሳ አምስት ያለፈውን አዲስ ደንበኛ አድርገን አንወስድም። እርስዎ ስልሳ ስምንት ነዎት፤ ጋሼ ደግሞ ሰባ አንድ።»

«በአርባ ዓመታችን ብንመጣ ኖሮስ?»

«ያኔ ደስ ይለን ነበር። አሁን ግን ሕመሙ ታውቋል። መድን ያልመጣውን እንጂ የመጣውን አይሸፍንም።» ከዚያ ልታጽናናኝ ፈልጋ ይመስለኛል፣ «እድር የላችሁም?» አለች።

«እድር የሚከፍለው ሲሞቱ ነው።»

«ያም ሽፋን ነው እኮ። ጊዜው ረፍዶ ነው እንጂ።»

እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲው ውስጥ ይህን አሰብኩ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ። በስድስት ዓመት ሰብሳቢነቴ እንዲህ ያለ ጫጫታ አላየሁም።

ሐሳቡን ያቀረብኩት በእርጋታ ነው። የወረዳው ካርድ የማይሸፍነው ነገር አለ፤ የግል መድን ሽማግሌ አይቀበልም። አባል ሲሞት ለቤተሰቡ የምንሰጠውን ክፍያ፣ ሐኪም ካዘዘለት፣ ለራሱ በሕይወቱ ሳለ ብንሰጠውስ? ሁለት ጊዜ ግን አይከፈልም።

«ሰው ሳይሞት የሞት ብር!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተ ከሞትክ በኋላ ልትመነዝረው ነው?» አለው ሌላው።

ባጫ ተነሣ። ሸጎሌ ከብት የሚነግድ፣ የታችኛው መንገድ ነዋሪ ነው፤ ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «እኔ በበኩሌ ብሬን ቆሜ ብበላው ይሻለኛል። ስሞት ንፍሮዬን ማን እንደዘገነ ላላይ ነው!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ በኋላ እጅ ማውጣት ቀላል ሆነ።

እዚያው አንቀጹን እንዳረቅቅ ጠየቁኝ፤ አረቀቅሁ። አንድ መስመር ነው፦ «አባሉ በሐኪም ማስረጃ ሲጠይቅ፣ አንቀጽ ዘጠኝ በሕይወት ሳለ ይፈጸምለታል።» አንቀጽ ዘጠኝ አባል ሲሞት የሚደረገውን የሚደነግገው ነው። አዲስ ምዕራፍ ከመጻፍ በነበረው ላይ መጠቆም ንጹሕ አሠራር ነው፤ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎችም የማስተምረው ይህንኑ ነበር። ጸሐፊያችን አቶ ቤዛብሕ፣ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ያሳለፈ ሰው፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አንቀጽ ዘጠኝ አራት ንዑስ አንቀጾች አሉት፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«አውቃለሁ፣ አቶ ቤዛብሕ።»

ሰዉ መቆም ጀምሮ ነበር። አጸደቅነው።

ስለ ጉዲና አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም።

ኅዳር 17

የጉዲናን ማመልከቻ ሞላሁት፤ አላስገባሁትም። የሰብሳቢዋ ባል የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሆነ ቢባል መልካም አይደለም። ሌላ ሰው ይቅደም።

ባጫ ዘንድ ደወልኩ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው የተናገርኩት» አለኝ። ረዘም ላለ ጊዜ መከርኩት። ለጤናው ብዬ ነው።

ኅዳር 24

ባጫ ክፍያውን ወሰደ። ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። ነገ ሆስፒታል ይገባል። ጉዲና ዛሬ ደህና ዋለ።

ኅዳር 25

ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባ ሰማሁ።

አባባ ሾዴ የእድራችን ለፋፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባል ሲሞት በየመንገዱ እየነፋ ስሙን የሚጠራው እሱ ነው። መስኮቱን ከፈትኩ። ድምፁ ከወንዙ በኩል እየቀረበ መጣ፦ «እናንተ የአፋፍ ሰፈር ሰዎች! አቶ ባጫ! የአቶ ባጫ ድንኳን ይተከላልና ውጡ! የቀብሩ ሰዓት በኋላ ይነገራል!»

ጋቢ ደርቤ ወረድኩ። ባጫ ለሆስፒታል ያዘጋጀውን ፌስታል ይዞ በራፉ ላይ ቆሟል። ሰዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከየቤታቸው ይመጣሉ፤ እሱን ሲያዩ ባሉበት ይቆማሉ። ቀድሞ የሳቀው ራሱ ባጫ ነው። «አባባ ሾዴ! እኔ እኮ ነኝ! ቀብሬን በስንት ሰዓት አደረጋችሁት?»

ሽማግሌው አልሳቀም። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አየ። «ሰዓት አልጻፉበትም» አለ። ጡሩምባውን አነሣና ወደ ላይኛው መንገድ ቀጠለ። ገና ያልነገራቸው ቤቶች ነበሩ።

ወዲያው አቶ ቤዛብሕ ዘንድ ሄድኩ። ደንቡን ከፍቶ አነበበልኝ። አንቀጽ ዘጠኝ፦ አንደኛ፣ ክፍያው ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ስሙ ወደ ሟቾች መዝገብ ይዛወራል። ሦስተኛ፣ ለፋፊው ያስታውቃል። አራተኛ፣ ድንኳን ተተክሎ ሦስት ቀን ይቀመጣል። «ከአራቱ የትኛውን ልተው? ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት» አለኝ። በሕግ ረገድ ትክክል ነው። «የአንቀጽ ዘጠኝ ክፍያ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ በቂ ነበር። አንዲት ቃል።

ድንኳኑን አስፈታሁ። ባጫ ታክሲ ውስጥ ሲገባ «እግዜር ይማርህ» ያለው ሰው አልሰማሁም። ግራ ገብቷቸው ይሆናል። እኔም አላልኩትም።

ታኅሣሥ 5

ባጫ ድኗል፤ ጠጠሩ ወጥቶለት ፊቱ ወዝ አውጥቷል። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በታች አገኘሁት።

«እትዬ፣ ሰዉን ምን ነካው? ሱቅ ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ። ሰናይት ጋ ገብቼ ቆሜ ቆሜ ወጣሁ፤ ዕቃ ትደረድራለች። ተጣላን እንዳልል ፊቷ ላይ ቁጣ የለም።»

«በሥራ ተጠምዳ ይሆናል።»

ማታ ሰናይትን ጠየቅኳት። ዓይኔን እያየች፣ ከልቧ ተገርማ፣ «ባጫ? መቼ መጣ?» አለችኝ።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

የመዋጮ ቀን። አቶ ቤዛብሕ ከአባላት መዝገብ ስም ይጠራል፤ የተጠራው «አቤት» ይላል። የባጫ ተራ ላይ ሲደርስ ቀጥሎ ያለውን ጠራ። ባጫ ተነሣ። «እኔስ?» አለ። ቤዛብሕ ቀና ብሎ የጠራውን ሰው ፈለገ፤ ያም «አቤት» አለ። ከባጫ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ብርድ እንደነካው ሰው ነጠላዋን ሰበሰበች።

ማንም አልተሳለቀበትም። ቢሳለቁበት ይሻል ነበር።

እንደ ሰብሳቢ ሥነ ሥርዓት ብዬ ማስቆም ይገባኝ ነበር። ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነበር።

ታኅሣሥ 16

ጉዲና ሻይ ሲቀዳልኝ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ፤ በጠረጴዛው ላይ ሄደ፤ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ስሙን ጠራሁት። ሰባት ቆጠርኩ።

«ስንት ደረሰ?» አለኝ ሲመለስ።

«አራት።»

ታኅሣሥ 18

ባትሪው ተገኝቷል። ቀጠሮው ለሃያ አምስት ነው፤ ገንዘቡ በሃያ ሁለት መግባት አለበት። ደንቡን ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ጉባኤ ለመጥራት አንድ ወር። ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ፤ እንደገና ቆጠርኩ። በባጫ ፈንታ መጀመሪያ ጉዲናን ባስቀድም ኖሮ… አይ፣ ያም ልክ አይደለም። ያን ጊዜ የሚጠራው የእሱ ስም ነበር።

ለጉዲና ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሳቀ። «ሰባት ሰከንድ የሞትኩ ሰው ጡሩምባ ያስደነግጠኛል ብለሽ ነው? ጻፊኝ።» ሰባት መሆኑን አልነገርኩትም ነበር።

ታኅሣሥ 21

ፈረምኩ። ቤዛብሕ ከባጫ በታች በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ የጉዲናን ስም ጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ አየሁት።

ወረቀቱን ለለፋፊው እንዳይሰጥ ለመንኩት። ንዑስ አንቀጽ ሦስት አለ። ስለዚህ ራሴ አባባ ሾዴ ዘንድ ሄድኩ። በበሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እንዳይነፋ ለመንኩት።

«ለእርስዎ ስል አልነፋም፣ እመቤቴ። እነሱ ግን ይመጣሉ።»

«ካልሰሙ እንዴት ይመጣሉ?»

«እኔ ስነፋ የሚሰሙ ይመስልዎታል? ሠላሳ ዓመት ነፍቻለሁ። ሁልጊዜ በራቸው ስደርስ ለብሰው ነው የማገኛቸው።»

ታኅሣሥ 25

ገባለት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሐኪሟ፣ «ከእንግዲህ አይረሳም» አለችኝ። እጇን ሳምኩ፤ አፈረች።

ታኅሣሥ 27

ዛሬ ጉዲና ከሆስፒታል ወጣ። ከታክሲ ስንወርድ የግቢያችን በር ክፍት ነበር።

ጡሩምባ አልተነፋም፤ አባባ ሾዴ ቃሉን ጠብቋል። ሆኖም ሳሎናችን ሞልቶ ነበር። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ በዝምታ ተቀምጠዋል። ትርፍ ቁልፋችን ሰናይት ጋ ነው፤ የከፈተችው እሷ ትሆናለች። ዳቦ ቆርሳ ታዞራለች።

«እንዴት ዋላችሁ! ማን ሞተብን?» አለ ጉዲና።

ሰናይት ዳቦውን ማዞር ቀጠለች። መቀመጫ ሲፈልግ አንዱ ሰው ሳያየው ጠጋ አለለት፤ ጉዲናም ለቅሶ ላይ እንደዘገየ እንግዳ በሩ አጠገብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔን ግን መሀል አስቀመጡኝ።

«ድንገት ነው?» አለችኝ ጎኔ ያለችው።

«ልቡ ነበር» አልኩ። ሕመሙን ማለቴ ነው።

«አይ ጋሽ ጉዲና! ምን ያለ ተጫዋች ሰው ነበር!»

«ነበር?» አለ ከበሩ በኩል እየሳቀ። «ኧረ አለሁ! ሻይ ልቅዳላችሁ?»

ተነሥቶ ቀዳ። ብርጭቆዎቹ በፊታቸው ቀዘቀዙ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ እጄን ያዙ፤ «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። ሰው ሲመርቅ አሜን ማለት ልማድ ነው። ሃያ ጊዜ ያህል አልኩት። ሃያኛው ላይ ድምፄ ተሰበረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የመጨረሻዋ ከወጣች በኋላ ቤቱ በጣም ጸጥ አለ።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። በግ አልታረደም። ሐዘን ላይ ያለ ቤት ነው፤ ጎረቤት ምግብ አምጥቷል፤ ለአንድ ሰው።

ጥር 2

ባለቤቴ ማለዳ ሬዲዮ መስማት ይወድ ነበር። ዛሬ ከመኝታ ቤት ስወጣ ሬዲዮው ተከፍቶ አገኘሁት። አጠፋሁት።

አንድ ብርጭቆ አወጣሁ። አንድ ይበቃል።

ጥር 4

ቀን ብቻዬን ስሆን ኮሪደሩ ላይ የሰው እርምጃ እሰማለሁ። የማውቀው እርምጃ ነው፤ ቀኝ እግሩን ትንሽ ጎተት ያደርጋል። ወንበሩ ይንቋቋል። አንድ ጊዜ ትከሻዬ ላይ የእጅ ሙቀት ተሰማኝ፤ አልዞርኩም። በእኔ ዕድሜ ባሏን ያጣች ሴት እንዲህ ያለ ነገር ይሰማታል ሲባል ሰምቻለሁ።

ጥር 6

ልብሶቹን ለይቼ በሁለት ሻንጣ ከተትኩ፤ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። ከገበያ ስመለስ ሁሉም በቦታቸው ተሰቅለዋል። ሰናይትን ስለ ቁልፉ አነጋግራታለሁ።

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦታቱ ሲመለሱ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ሰዉ ሁሉ አክብሮ ሰላም አለኝ፤ ቦታ ለቀቀልኝ።

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻቸውን ቆመዋል። ሕዝቡ እዚያ ሲደርስ እንደ ድንጋይ ዙሪያ እንደሚፈስ ውኃ ይከፈላል። አንዱ ባጫ ነው። «አከም ቡልቴ!» ሲል በኦሮምኛ ሌላውን ሰላም አለው፤ ተቃቀፉ፤ እንባ እስኪመጣቸው ተሳሳቁ። ሌላውን አላወቅሁትም። ረጅም ሰው ነው። የለበሰው ጋቢ የእኛን ቤት ጋቢ ይመስላል።

ጥር 14

ይህን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

ዛሬ የጤና መድን ካርዱን ዓመታዊ እድሳት ለማድረግ ወረዳ ሄድኩ። ቅጹ «በካርዱ የሚጠቀሙ የቤተሰብ አባላት ብዛት» ይላል። «አንድ» ብዬ ሞላሁ። ሠራተኛዋ ከሌላ ክፍለ ከተማ በቅርቡ የተዛወረች ናት፤ ሰፈራችንን አታውቅም። ያለፈውን ዓመት ቅጽ አውጥታ አስተያየች።

«ባለፈው ዓመት ሁለት ነበራችሁ፣ እናቴ።»

«አዎ፣ ነበርን።»

«ይቅርታ… ዐርፈው ነው?»

«በታኅሣሥ።»

«ነፍስ ይማር።» ስሙን ልትሰርዝ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ አየች። «አባባስ? አብረውዎት ነው የመጡት? ክትትል ያለባቸው ናቸው?»

ዞርኩ። ጉዲና ከኋላዬ ቆሟል። የሆስፒታል ወረቀቶቹን በፌስታል ይዟል። በሸሚዙ በኩል ከአንገቱ አጥንት ሥር ባትሪው ያሳበጣት ትንሽ ቦታ ትታያለች። ከቤት ጀምሮ አብሮኝ መጥቷል፤ በታክሲውም ውስጥ አጠገቤ ተቀምጧል። የሁለት ሰው ሒሳብ መከፈሉን አሁን አስታወስኩ።

«ባሌ ነው» አልኩ። «ሁለት ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቱ ግራ በመጋባት አየችን፤ ጻፈችም። እስክሪብቶዋ ትንሽ ብትፈጥን ኖሮ ጉዲና ክትትል የሚያደርግበት ካርድ አይኖረውም ነበር። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጎረቤት አይደለም፤ ቤዛብሕም አይደለም።

በእግራችን ተመለስን።

«ከገና በፊት ጀምሮ ስሜን አልጠራሽም» አለኝ። «ሬዲዮ ስከፍት ታጠፊያለሽ። ልብሴን ሁለት ጊዜ ከሻንጣ አውጥቼ ሰቀልኩ። በሰዉ አልተከፋሁም፣ ጎረቤት ነው፤ አዝኖ፣ ንፍሮ በልቶ፣ ጨርሷል። ባጫ አለልኝ፣ እናወራለን። ግን አንቺ ትከሻሽን ስነካሽ እንኳን አትዞሪም።»

«ጉዲና» አልኩ። አፌ ውስጥ እንግዳ ሆነብኝ። ደጋግሜ አልኩት።

«በቃ፣ በቃ» አለኝ፤ «ሰው ይሰማሻል።» ከዚያ ዙሪያውን አየና፣ «እኔንማ ማን ይሰማኛል» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልቻልኩም።

ጥር 18፣ እሑድ

ጠቅላላ ጉባኤ። ማሻሻያዬን አቀረብኩ፤ «ክፍያ» የምትለው ቃል ትግባ፤ በሕይወት ሳሉ የሚወስዱ አባላትም የራሳቸው መዝገብ ይኑራቸው። በአምስት ደቂቃ ጸደቀ። ከየካቲት አንድ ጀምሮ ይሠራል።

ቀጥዬ፣ የባጫና የጉዲና ስም ወደ አባላት መዝገብ ይመለስ አልኩ። የራሴ ባል ጉዳይ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሜ ተናገርኩ፤ በኅዳር መናገር የነበረብኝን። ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ በሐዘን ላይ ላለች ሴት የሚደረገውን ትዕግሥት አደረጉልኝ።

«ከተመለሱ ሲሞቱ እንደገና ሊከፈል ነው?» አለ አንዱ በለሰለሰ ድምፅ። «ሁለት ጊዜ አይከፈልም ያሉን እርስዎ ነዎት።»

«የወሰዱትን ከመለሱ ይመለሱ» አለ ሌላው። ፍትሐዊ ነው። ባጫ የመጨረሻ በሬዎቹን ሸጦ ነው ለመድኃኒት የጨመረው፤ እኛም የምንመልሰው የለንም።

ድምፅ ተሰጠ። ከኋላ ግድግዳው ሥር ጉዲናና ባጫ እጃቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። ቤዛብሕ ቆጠረ። ይመለሱ ያሉ ሠላሳ፤ አይመለሱ ያሉ ሠላሳ አንድ።

«አቶ ቤዛብሕ፣ ከኋላ ሁለት እጆች አሉ።»

ቆሞ ወደ ኋላ አየ። አንገቱን አስረዝሞ፣ በእውነት ፈልጎ አየ። «የምቆጥረው መዝገብ ላይ ያለውን ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ» አለኝ፤ በጣም በማዘን።

እጃቸውን ሳያወርዱ ስብሰባው ተዘጋ።

ጥር 22

ጉዲናን ወደ እኛ መመለስ አልተቻለም። ዛሬ ከምሳ በኋላ የእድሩ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጉዲና በሩ ድረስ ሸኘኝ። ምን ልሠራ እንደሆነ ነገርኩት፤ ተከራከረኝ፤ ከዚያ ተወኝ።

ማመልከቻዬን ቤዛብሕ ፊት አስቀመጥኩ፤ የደም ግፊቴን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ። አሮጌው አንቀጽ ገና ስምንት ቀን አለው።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ለግፊት መድኃኒት ካርድዎ ይሸፍናል።»

«ክፍያውን አልወስድም። ንዑስ አንቀጽ አንድ ይቅር፤ ሁለተኛው ይፈጸም። ስሜን ያዛውሩልኝ፤ ከጉዲና በታች።»

«ያለ ክፍያ የተዛወረ ሰው የለም።»

«የሚከለክል አንቀጽ አለ?»

ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጠ። ሐቀኛ ሰው ነው። «የለም» አለ።

«የሚተካኝ ሰብሳቢ እስኪመረጥ ድረስ የሚያስፈልገው ሰነድ ሁሉ በግራ መሳቢያ ነው። እስካሁን ስላደረጉልኝ ትብብር አመሰግናለሁ፣ አቶ ቤዛብሕ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እስክሪብቶውን አነሣ። ከዚያ ጻፈ፤ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ቀኑን። መጻፉን እንደጨረሰ ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን እንዳለ ነበር፤ የሚያየው ግን ወንበሩን ነው። «ደግ ሴት ነበሩ» አለ ለራሱ። መዝገቡን ወደ ሣጥኑ መለሰ። መብራቱን አጠፋ። ወጣ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁ።

ጽሕፈት ቤቱ መስኮት የለውም። በጨለማው ተቀምጬ ጥቂት ቆየሁ። መፍራት ነበረብኝ። በውጭ የሰዎች ድምፅ አለፈ፤ በሩን መታሁ፤ ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ ሄዱ።

ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ በኩል በሩን ቆረቆረ።

«ጌጤ? አለሽ?»

«አለሁ፣ ጉዲና።»